እሬትን ለአበባው መትከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እሬት ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ምሬቱ ነው። ወይም ፀጉርና ፊት ላይ የሚቀባው ዝልግልግ ነገር። አበባውን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ግን ከ40 በላይ የእሬት ዓይነቶች በዱር ይበቅላሉ። ብዙዎቹ ከዚህ አካባቢ ውጭ በተፈጥሮ የትም አይገኙም። ይህ ሁሉ ደጃችን ላይ እያለ ከውጭ የመጣች ትንሽ ካክተስ በውድ ገዝተን መስኮት ላይ መደርደራችን ይገርመኛል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ እንደ እሬት የሚያብብ ተክል ማግኘት ይከብዳል።

እሬት ማለት አሎቬራ ማለት አይደለም እንዴ?

አሎቬራ ከብዙዎቹ የእሬት ዓይነቶች አንዱ ነው። በዓለም ላይ ከ500 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይታወቃሉ። አሎቬራ መነሻው የዓረብ ልሳነ ምድር እንደሆነ ይታሰባል። ዛሬ ግን ሰው እየተከለው ዓለምን አዳርሷል። ቅጠሉ ብዙ ጄል ስለሚይዝ ለመዋቢያ ምርት ይመረጣል። ቢጫ አበባ ያወጣል። መጥፎ አይደለም፤ ከአገሩ እሬቶች ቀይና ብርቱካናማ አበባ ጎን ሲቆም ግን ይደበዝዛል። ውርጭም አይወድም። ለአበባው ብላችሁ የምትተክሉ ከሆነ የአገሩን ምረጡ።

ታዲያ የትኛውን ልትከል?

መልሱ ያላችሁበት ከፍታ ላይ ነው።

ደጋ ላይ ከሆናችሁ አሎ ደብራናን አስቡ («አሎ» የእሬት የሳይንስ ስም ነው)። ስሙ ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው። በሸዋ ደጋ ድንጋያማና ስስ አፈር ባለበት ቦታ በብዛት ይታያል። ግንድ የለውም ማለት ይቻላል። ወፍራም ቅጠሎቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ይዘረጋሉ፤ ከመሃላቸው ቅርንጫፍ ያለው የአበባ ዘንግ ይወጣል። አበባው ቀይ ነው። ውርጭ ለምዶ ያደገ ተክል ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አትጨነቁለትም።

ወይና ደጋ ላይ የእኔ ምርጫ አሎ ካምፐሪ ነው። የኤርትራና የሰሜን ኢትዮጵያ ተክል ነው። ከሥሩ ብዙ ልጆች ስለሚያወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጥሩ ቁጥቋጦ ይሆናል። እምቡጡ ብርቱካናማ ሆኖ ይጀምርና ሲፈካ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ስለዚህ በአንድ ዘንግ ላይ ሁለቱንም ቀለም ታያላችሁ። ከሁሉም በላይ ግን ገር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባሉ ደረቅ የአትክልት ቦታዎች ሳይቀር የተለመደ ተክል የሆነው በዚሁ ገርነቱ ነው።

ለቆላ ሌሎች አሉ። አሎ ትሪኮሳንታ በአዋሽ አካባቢ ጠፍ መሬት ላይ ይበቅላል። አበባው ጠጉር የለበሰ ነው፤ ቀርባችሁ ካላያችሁት አይታወቅም። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ባለችው ሀርላ ስም የተጠራው አሎ ሃርላናም የዚያው የምሥራቁ ምድር ልጅ ነው።

ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ከገደል ላይ ቁልቁል የሚንጠለጠሉትን ይመኛሉ። አሎ አንኮበረንሲስ በአንኮበር አካባቢ ገደሎች ላይ፣ አሎ ፑልቸሪማ ደግሞ በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ገደሎች ላይ ይኖራሉ። ሁለቱንም ለሳይንስ ያስተዋወቁት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ማይክ ጊልበርት በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። እነዚህ ብርቅ ናቸው። ከዘር የፈላ ችግኝ ካልተገኘ በስተቀር ቢቀሩ ይሻላል።

የሳይንስ ስም አላውቅም የሚል ሰው ደግሞ በአቅራቢያው ያለውን ተዳፋት ይመልከት። እዚያ ያለ ማንም እንክብካቤ የሚያብበው እሬት የእሱም ግቢ ውስጥ ይስማማዋል።

ከቃጫና ከቁልቋል በምን እለየዋለሁ?

ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ ያ ወተት ዓይን ይጎዳል። እሬት ወተት የለውም። ከቅጠሉ ልጥ ሥር ቢጫ መራራ ፈሳሽ፣ ከመሃሉ ደግሞ ጥርት ያለ ጄል ይወጣዋል። ቃጫ ቅጠሉ በጠንካራ ክር የተሞላ ስለሆነ በእጅ ሰብሮ መገንጠል አይቻልም። ቃጫ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። እሬት ግን ደህና ቦታ ካገኘ በየዓመቱ ያብባል።

እሬት መቃብር ላይ የሚተከል አይደለም? ግቢ ውስጥ መትከሉ አይከብድም?

ይህን የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው፤ ጥያቄውም ከመሬት የመጣ አይደለም። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች እሬት መቃብር ላይ ይተከላል። ምክንያቱ ግን ተክሉ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ማንም ውሃ ሳያጠጣው ዓመት ከዓመት አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል፤ ከብትም አይበላውም። ለመቃብር የተመረጠበት ጠባይ ለግቢም የሚፈለግ ጠባይ ነው። ቤት ውስጥ የሚከብደው ትልቅ ሰው ካለ ግን አትከራከሩ። ከደጃፉ ፊት አርቃችሁ አጥር ጥግ ትከሉት። ሲያብብ ክርክሩ በራሱ ያልቃል።

አፈሩ ምን ዓይነት መሆን አለበት?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። እሬት በድርቅ ሲሞት ብዙም አይታይም። የሚሞተው በክረምት ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በተፈጥሮ ቦታው ይህ ሁሉ ውሃ በድንጋዩ መካከል ሾልኮ ቁልቁል ይሄዳል። ግቢያችን ውስጥ ግን ሜዳ ላይ ተኝቶ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ከማጠጣት በፊት የሚታሰበው ውሃው በየት እንደሚወጣ ነው።

መጀመሪያ መሬቱን ፈትኑ። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ በውሃ ሙሉት። ከሰጠመ በኋላ አንዴ ድገሙት። ሁለተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጠፋ መሬቱ ደህና ነው። እስከ ማግስቱ ከቆየ ግን እዚያው ላይ አትትከሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰፈር ያለው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ሆኖ ውሃ ይይዛል። ለእሬት ከዚህ የከፋ የለም። ሰዎች ዋልካውን ቆፍረው ጉድጓዱን በአሸዋ ይሞሉታል። ይህ አይሠራም፤ ዙሪያውን ያለው ዋልካ ውሃ ስለማያሳልፍ ጉድጓዱ ባልዲ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ መሥራት ነው። ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። ከግንባታ የተረፈ ድንጋይና ጠጠር ካለ ከሥር ይግባ፤ ኖራና ሲሚንቶ ያልነካው ይሁን።

ከላይ የሚሞላው ድብልቅ ቀላል ነው፦ አንድ እጅ የተለመደ አፈር፣ አንድ እጅ ሸካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደቀቅ ያለ ቀይ አሽ። አዎ፣ ያው መንገድ ላይ የሚደፋው ቀይ አሽ። ቀዳዳ ያለው ቀላል ድንጋይ ስለሆነ አየርም ያስገባል፣ ውሃም ያሳልፋል። ለብሎኬት የሚጠቀሙበት ፑሚስም ያው ነው። ደቃቅ የልስን አሸዋ ግን ተዉት፤ ከአፈር ጋር ተደባልቆ ይጠጥራል። ፍግም አታብዙ። የበሰለ ፍግ አንድ እፍኝ ለአንድ ተክል ይበቃል።

ተዳፋት ወይም እርከን ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ይህን ሁሉ ሳይለፋ በቀጥታ መትከል ይችላል፤ እሬቱም አፈሩን ይይዝለታል።

መቼ ነው የሚተከለው?

ችግኝ በክረምት ይተከላል የሚለውን ልማድ ለእሬት እርሱት። በሐምሌ የተተከለ እሬት ሥሩ ሳይያዝ ጭቃ ውስጥ ይቀመጣል። ጥሩው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ዝናቡ እየወጣ ነው፤ መሬቱ ግን ገና እርጥበት አለው፤ ፀሐዩም ተመልሷል። ተክሉ ቀጣዩ ክረምት እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ያገኛል። በበልግ ዝናብ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የዝናቡን ማብቂያ ጠብቁ።

ትናንሾቹን በ50 ሴንቲ ሜትር፣ ቁጥቋጦ የሚሆኑትን በ1 ሜትር አራርቁ። መጀመሪያ ላይ ባዶ ይመስላል። ይሙላ ብላችሁ አታጠጋጉ።

በስንት ቀን ውሃ ላጠጣው?

መሬት ላይ ለተተከለ፣ በመጀመሪያው በጋ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርጋችሁ አጠጡ። ከዚያ በኋላ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ዝናቡ ይበቃዋል። በሸክላ ማሰሮ ያለ በበጋ ከ10 እስከ 15 ቀን፣ በክረምት ጣሪያ ሥር ከሆነ በወር አንዴ። ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ውሃ የሚያቁረውን ሳህን ከሥሩ አንሱት።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ከሁሉም የከፋው ነው። ላዩን ብቻ ያረጥባል፤ ቅጠሎቹ መሃል የሚቀረው ውሃም ልቡን ያበሰብሰዋል።

እሬት ውሃ የሚቆጥብበት ዘዴ ያስደንቃል። አብዛኛው ተክል ቀን ላይ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ከፍቶ አየር ሲያስገባ ውሃውም አብሮ ይተንናል። እሬት ቀን ይዘጋል። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍትና የሚፈልገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ በአሲድ መልክ ያስቀምጣል። ጧት ፀሐይ ስትወጣ ያንን አውጥቶ ምግቡን ያዘጋጃል።

ውሃ ሲያንሰው ቅጠሉ ይሳሳል፣ ወደ ውስጥም ይታጠፋል። ይህ በአንድ ማጠጣት ይስተካከላል። ውሃ ሲበዛበት ደግሞ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይልማል፣ ከሥሩም ይላቀቃል። ያኔ ነቅላችሁ የበሰበሰውን ሥር እስከ ጤነኛው ድረስ ቁረጡ፤ ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ከዚያ በደረቅ ድብልቅ መልሳችሁ ትከሉት። ልቡ ካልበሰበሰ ይተርፋል።

ቅጠሉ ቀላብኝ፤ ታመመ?

አልታመመም። ኃይለኛ ፀሐይ፣ ብርድ ወይም የውሃ እጥረት ሲያገኘው ይቀላል። ብዙ ሰው እንዲያውም ይወደዋል። ከቤት ውስጥ በድንገት ወደ ፀሐይ የወጣ እሬት ግን ቆዳው ተቃጥሎ ነጭና ቡናማ ጠባሳ ያወጣል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አለማምዱት።

ሦስት ዓመት ሆነው፤ ለምን አያብብም?

ከዘር የመጣ እሬት ለማበብ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። አንዳንዱ ከዚያም ይበልጣል። ዕድሜው ደርሶ እምቢ ካለ ግን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጥላ ነው። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ጎረቤት ፎቅ ሲሠራ ፀሐዩን የወሰደበት እሬት ቅጠሉ ይረዝማል፣ ይሳሳል፣ አበባም ያቆማል። ማዛወር እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ሁለተኛው ምቾት ነው። ፍግና ዩሪያ የተደፋበት እሬት ቅጠሉ ያምራል፤ ለማበብ ግን ምክንያት አይታየውም። በጋውን ሙሉ እየጠጣ የከረመም እንዲሁ። ለአንድ በጋ ማዳበሪያውን አቁሙ፣ ውሃውንም ቀንሱ። ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ወቅት ዘንግ ያወጣል።

ሦስተኛ፣ ዙሪያውን በልጆቹ የተጨናነቀ እሬት ኃይሉ ይከፋፈላል። ጥቂቶቹን ነቅላችሁ ለሌላ ሰው ስጡ።

አበባው ከታች ወደ ላይ ነው የሚፈካው። አንዱ ዘንግ ለሳምንታት ይቆያል። ዘሩን የማትፈልጉ ከሆነ ሲደርቅ ከሥሩ ቁረጡት።

በዘር ይሻላል ወይስ በልጁ?

በልጁ ፈጣን ነው። ልጁ የራሱን ጥቂት ሥር ይዞ እንዲወጣ አድርጋችሁ በንጹሕ ቢላ ለዩት። ከአራት እስከ ሰባት ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፤ ቁስሉ ይድረቅ። ከዚያ ትከሉት፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ውሃ አትስጡት። በዚህ ሳምንት ነው ብዙ ሰው ትዕግሥት የሚያጣው።

በዘር ለሚሞክር አንድ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። አብዛኞቹ እሬቶች በራሳቸው የአበባ ብናኝ ዘር አይዙም። ሌላ ግለሰብ ተክል ያስፈልጋል። ከአንዲት እናት የተለዩ አሥር ልጆች ደግሞ እንደ አንድ ተክል ነው የሚቆጠሩት። ስለዚህ ዘር ከፈለጋችሁ ከሌላ ቤት፣ ከሌላ እናት አንድ አምጡ። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አብረው ካበቡም ዘሩ ዲቃላ ሊሆን ይችላል፤ ለግቢ ችግር የለውም፣ ለጥበቃ ግን አይሆንም።

ዘሩ ቀላልና ስስ ክንፍ ያለው ነው። አሸዋማ ድብልቅ ላይ በትኑት፤ ስስ አሸዋ አልብሱት። እርጥበቱን ከጠበቃችሁ በአንድ ወር ውስጥ ይበቅላል።

ከዱር ነቅዬ ባመጣስ?

አታምጡ። አንዳንዶቹ ዝርያዎች የሚገኙት በጣት በሚቆጠሩ ገደሎች ላይ ብቻ ነው። አንድ ጆንያ ተነቅሎ ከሄደ ያ ቦታ ባዶ ቀረ ማለት ነው። ትልቅ ተክል ከዱር ሲነቀል ደግሞ ሥሩ ተጎድቶ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ አይጸድቅም። ከሚያውቁት ሰው ግቢ ልጅ መለመን፣ ከዱር ደግሞ ጥቂት ዘር ብቻ መልቀም ይበቃል። ችግኝ ሻጩንም ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። የአገር እሬቶችን በአንድ ቦታ ማየት የሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ይጎብኝ።

ቅጠሉ ላይ እባጭ ወጣበት፤ ሌላው ላይ ነጭ ነገር አለ

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ቅርጹ የጠፋ፣ ሸካራና ጎመን የመሰለ እባጭ በቅጠሉ ሥር ወይም በአበባው ዘንግ ላይ ካያችሁ በዓይን የማትታይ ጥቃቅን ተባይ ሥራ ነው። ነፋስም ይዟት ይሄዳል። ያበጠውን ክፍል ከጤነኛው ጨምራችሁ ቆርጣችሁ አቃጥሉት፤ ብስባሽ ውስጥ አትጣሉት። ቢላውን በአልኮል ጥረጉት። ሙሉ በሙሉ ከወረረው ተክሉን ማስወገድ ለሌሎቹ ይበጃል።

ነጩ ነገር ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ የሚመጥ ተባይ ነው። ይሄኛው ቀላል ነው። በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ፈትጉት፤ በሳምንቱ ድገሙት።

ወፍና ንብ ይስባል ይባላል፤ እውነት ነው?

በጣም። የእሬት አበባ ቱቦ መሳይ ነው፤ ከሥሩም ጣፋጭ ውሃ ይይዛል። ቀጭንና ጎበጥ ያለ መንቁር ያላቸው አበባ ቀሳሚ ወፎች ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራው፣ ወንዱ ወይን ጠጅ የሚያብለጨልጨው ወፍ በደጋ ግቢዎች ይመጣል። ንቦችም ማሩንም ብናኙንም ይወስዳሉ። ቀፎ ያለው ሰው ለዚህ ብቻ እንኳ ቢተክል አይቆጭም። ሲያብብ ግን ፀረ ተባይ አትርጩ።

ለልጆችና ለውሻ አያሰጋም? መድኃኒትነቱስ?

ጠርዙ ላይ እሾህ አለው፤ መተላለፊያ ዳር አትትከሉት። ከልጡ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ኃይለኛ አስቀማጭ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎች ዝርዝር በ2002 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ነፍሰ ጡሮች ሊወስዱት አይገባም። ውሻና ድመት ከበሉት ያስመልሳቸዋል፤ ያስቀምጣቸዋልም። ምሬቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ጠባቂ ነው። ጡት ለማስጣል የሚቀባበት ምክንያት ሌላ ምን ሆነና! የዱር እሬቶችን እንደ አሎቬራ ቆጥራችሁ አትጠጧቸው።

የምኖረው ውጭ አገር ነው፤ ይሆንልኛል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ዱባይም ሪያድም፣ ችግሩ የዚያው አገር ሞቃት ወቅት ነው። ሙቀቱ ሲያይል ተክሉ እድገቱን ያቆማል። ያኔ ሞቃትና እርጥብ አፈር ቶሎ ያበሰብሰዋል። ከቀትር በኋላ ጥላ ስጡት፤ ውሃውን ቀንሱ፤ የምታጠጡትም ማታ ይሁን። ዋናው እድገቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። የቆላ ዝርያዎች እዚያ ይሻላሉ፤ የደጋዎቹ ሙቀቱን አይችሉትም።

ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ሰው በማሰሮ ይትከለው። በሞቃቱ ወቅት በረንዳ ላይ ያውጣው፤ ውርጭ ከመምጣቱ በፊት ብርሃን ወዳለበት መስኮት ያስገባው፤ የብርዱን ወቅት ያለ ውሃ ማለት ይቻላል ያክርመው። ሳንዲየጎ ወይም ቴል አቪቭ ያለ ግን መሬት ላይ መትከል ይችላል። እስራኤል ዝናቡ የሚመጣው በብርድ ወቅት ስለሆነ ከፍ ያለ መደብ እዚያም ያስፈልጋል።

ከአገር ቤት በሻንጣ ይዞ ስለመሄድ፦ ከአሎቬራ በስተቀር የእሬት ዝርያዎች በሙሉ ሳይትስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ተክሉን ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ክልክል ነው። የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫም ይጠየቃል። አፈር የነካ ሥር ደግሞ ብዙ አገር አየር ማረፊያ ላይ ይወረሳል። ያላችሁበት አገር ካሉ ሕጋዊ ችግኝ ሻጮች አሎ ካምፐሪን በስሙ ጠይቁ።